23 ዓመት በአንድ ማሊያ



ኦቾሎ ዓለት ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። ከጫፏ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የአባያ ሐይቅ ከሥሩ ተዘርግቶ ይታየዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ኳስ የሚጫወት ልጅ ከሜዳ ልጅ የሚለይበት ነገር አለ። የሜዳ ልጅ ኳሷን ወደ ውጭ ቢያወጣት የሚጠብቀው የእጅ ውርወራ ነው፤ የኦቾሎን ልጅ ግን የሚጠብቀው የዳገት ጉዞ ነው። ስለዚህ ኳስ እግር ሥር ማቆየትን እዚህ ማንም ማስተማር አያስፈልገውም።

የዛሬው ዲስኩር ስለ ሌላ ዓይነት መቆየት ነው፦ ተጫዋች ራሱ በጨዋታው ውስጥ ስለሚቆይበት ዘመን። ገበሬ በ40 ዓመቱ ገና ጎልማሳ ነው። ሸማኔም በ40 ዓመቱ እጁ የተፈታ፣ እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ መርገጫውን ሳያይ የሚረግጥ ባለሙያ ይባላል። ኳስ ተጫዋች ግን በ30 ዓመቱ «አረጀ» ይሉታል፤ በ35 ዓመቱ ጫማውን ይሰቅላል። ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጉልበት ይደክማል፣ ጉዳት ሲደርስ ቶሎ አይድንም። ከዚህ ልክ አልፈው የሄዱት ጥቂቶች እንዴት ሄዱ?

መልሱን ብዙ ሰው ከደቡብ አሜሪካ ይጀምራል፤ እውነትም አብነት የሚሆኑ ሰዎች እዚያ አሉ። አርጀንቲናዊው ሃቪየር ዛኔቲ የግንበኛ ልጅ ነው። በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ግንባታ ላይ ሠርቷል። በ1987 ዓ.ም. ክረምት ወደ ጣሊያኑ ኢንተር ሚላን ገባና እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስ 19 ዓመት በአንድ ማሊያ 858 ጨዋታ አደረገ። ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. የተረከዙ ጅማት ሲበጠስ 39 ዓመቱ ነበር። ሁሉም «አለቀለት» ብሎ ነበር። ከስድስት ወር በላይ ታክሞ፣ 40 ዓመት ሞልቶት፣ ወደ ሜዳ ተመለሰ። በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻ ጫማውን ሲሰቅልም ከክለቡ አልራቀም፤ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሌላው መንገድ የኡራጓዩ ሴባስቲያን አብሬው ነው። እሱን አፍሪካዊ አይረሳውም። ሰኔ 25 ቀን 2002 ዓ.ም. ጆሃንስበርግ ላይ ኡራጓይና ጋና ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሄዱ የመጨረሻዋን ምት የመታው አብሬው ነበር። ሮጦ መጥቶ ኳሷን ከሥር በቀስታ አነሳት፤ በረኛው ወደ ጎን ሲወድቅ ኳሷ በመሐል ተንሳፋ ገባች። አንድ አህጉር ሙሉ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ይህ ሰው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ተጫውቶ በ44 ዓመቱ ሲያቆም የለበሳቸው የክለብ ማሊያዎች ከ30 በላይ ነበሩ። ዛኔቲ አንድ ቤት ውስጥ አረጀ፤ አብሬው በየአገሩ ድንኳን እየተከለ አረጀ።

ኢትዮጵያስ? ከሁለቱም ቀደም ብሎ፣ ከዛኔቲም በአራት ዓመት የሚበልጥ ጊዜ በአንድ ማሊያ የተጫወተ ሰው ነበራት። ስማቸው ይድነቃቸው ተሰማ ይባላል።

ይድነቃቸው ጅማ ውስጥ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ዕለት ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በግጥማቸውና በቅኔያቸው የታወቁ ሰው። ልጁ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማረ። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ አራዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚባል የኳስ ቡድን ሲመሠርቱ ይድነቃቸው የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ያኔ ገብተው እስከ 1950 ዓ.ም. አልወጡም። በተለምዶ የሚጠቀሰው የክለብ መዝገባቸው 365 ጨዋታና 318 ግብ ነው። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል።

እነዚህን ቁጥሮች ትንሽ ማሸት ያስፈልጋል። 365ን ለ23 ዓመት ያካፈለ ሰው በዓመት 16 ጨዋታ ገደማ ያገኛል። የዛኔቲ 858 ጨዋታ ለ19 ዓመት ሲካፈል በዓመት 45 ይሆናል። ታዲያ የይድነቃቸው ዕድሜ የረዘመው ጨዋታ ስላነሰ ነው የሚል ቢኖር ግማሽ እውነት አለው። በዚያ ዘመን እንደ ዛሬው ዓመቱን ሙሉ የሚካሄድ ሊግ አልነበረም። ሌላው ግማሽ እውነት ግን እዚህ ውስጥ የለም። ደመወዝ አልነበረም፤ ሐኪም ከቡድን ጋር አይጓዝም፤ ተጫዋቹ ቀን ሥራ ውሎ ማታ ይለማመዳል። ይህ ሁሉ ባለበት ከ10 ጨዋታ ወደ 9 ግብ ገደማ ማስቆጠር፣ ያውም ለ23 ዓመት፣ ጨዋታ በማነሱ ብቻ የሚገለጽ አይደለም።

በመሐሉ ጦርነትም አለ።

ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ክለቡ ገና ግማሽ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ፋሽስቶች ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ እንዳይጫወት ከለከሉ፤ የአገሬው ልጆች እርስ በርሳቸው፣ ጣሊያኖች ለብቻቸው ሆኑ። ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን ትቶ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» እንዲባል ተገደደ። ሊቶሪዮ የፋሽስቶቹ አርማ ስም ነው፤ ውቤ ሰፈር የአራዳ ልጆች መንደር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መስፋት ድሩን ከማጉ ሳያስማሙ እንደ መሸመን ነበር። ይድነቃቸው ከ14 እስከ 19 ዓመታቸው፣ ማለትም ተጫዋች የሚቀረጽበትን ዕድሜ፣ ያሳለፉት በቆዳ ቀለም በተከፈለ ሜዳ ላይ ነው። ይህን ነገር ያዙት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ሌላ ተጫዋች ቢሆን ማሊያውን ለብሶ ወደ ሜዳ ብቻ በሮጠ ነበር። ይድነቃቸው ግን ሜዳውን ከመሮጫነት ሌላ ብዙ ነገር እንደሚጎድለው አዩ። ዳኛና ውድድር፣ መዝገብና ደንብ ያስፈልጋል። ከነጻነት ሁለት ዓመት በኋላ የስፖርት ፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ ዋናው እሳቸው ነበሩ። የጨዋታውን ሕግም ወደ አማርኛ መልሰዋል። እሑድ ግብ ያገባሉ፤ ሰኞ ቢሮ ገብተው የግቡን ሕግ ይጽፋሉ።

ለኦቾሎ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። በጋሞ ምድር የሸንጎው አደባባይ ዱቡሻ ላይ ለሚወጣ ሰው ነገር ከመጀመሩ በፊት ማን መቼ እንደሚናገር፣ ማን እንደሚመርቅ፣ ማን እንደሚዳኝ የታወቀ ነው። ማርክ አቤሌስ የተባለ ፈረንሳዊ አንትሮፖሎጂስት በ1960ዎቹ ኦቾሎ ላይ ተቀምጦ ይህንኑ የሸንጎ ሥርዓት አጥንቶ መጽሐፍ የጻፈበት ያለ ነገር አይደለም። ሥርዓት የሌለው ሸንጎ ጩኸት እንደሚሆን ሁሉ፣ ሕጉ ያልተጻፈ ኳስም ግርግር ነው። የይድነቃቸው ዕድሜ በሜዳ ላይ የረዘመበት አንዱ ምክንያት እዚህ ይገኛል፦ ጨዋታው ከእግራቸው በተጨማሪ ጭንቅላታቸውንም ይፈልግ ነበር።

አሁን ወደ ካርቱም እንሂድ። የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ካፍን፣ መሠረቱ። የኢትዮጵያ ተወካይ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ዕድሜያቸው 35 ነው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስን ማሊያም ገና አላወለቁም። ዛሬ አንድ በሥራ ላይ ያለ ተጫዋች ከልምምድ ተነስቶ ሄዶ የአህጉሩን ኮንፌዴሬሽን መሥርቶ ቢመለስ የሚያምን ይኖራል?

እዚያ ስብሰባ ላይ የተነሳው ትልቁ ጉዳይ ደቡብ አፍሪካ ነበር። የአፓርታይድ መንግሥት ተወካይ ወይ ነጮች ብቻ ያሉበት ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን እንልካለን አለ። የተቀላቀለ ቡድን አይታሰብም። የቀሩት ሦስቱ እምቢ አሉ፤ ደቡብ አፍሪካ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ወጣች። በዕጣው ከእሷ ጋር የተደለደለችው ኢትዮጵያ ስለነበረች አንዲት ኳስ ሳትመታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈቻት። ሽንፈቱ ይጎዳል። የልጅነቱን ኳስ በሊቶሪዮ ሜዳ ላይ ለተጫወተ ሰው ግን ከሽንፈቱ በፊት የተወሰነው ውሳኔ ይበልጥበታል።

በቀጣዩ ዓመት ይድነቃቸው ጫማቸውን ሰቀሉ። ጡረታ አልወጡም፤ ከመስመሩ ውስጥ ወደ መስመሩ ዳር ነው የተሻገሩት። ኢትዮጵያ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ስታዘጋጅ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ እሳቸው ነበሩ።

ያ ዋንጫ ዛሬም በአገሪቱ ታሪክ ብቸኛው ነው። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያ 4 ለ 2 ተሸነፈች። ፍጻሜው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ከግብፅ ጋር ሆነ። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ኢትዮጵያውያን ሁለት ጊዜ ደረሱባቸው። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በጭማሪው ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛዋን አስቆጠረ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን ጨመረ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ፣ የኢታሎ ታላቅ ወንድም፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር።

መንግሥቱ ወርቁን እዚህ ላይ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ማሊያ ከይድነቃቸው ትውልድ ወደ እሱ ትውልድ ተላለፈ። በተለያዩ የአፍሪካ ዋንጫዎች 10 ግብ አስቆጥሯል፤ ሲያቆምም አሰልጣኝ ሆነ፣ በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ወደተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ የሄደው እሱ ነበር። ያንኑ መንገድ ሄደ፦ መጀመሪያ ማሊያ፣ ቀጥሎ ፊሽካና ሰሌዳ።

ይድነቃቸው ግን ከአሰልጣኝነትም አልፈው ሄዱ። የካቲት 1964 ዓ.ም. ያውንዴ ላይ የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም. ፍራንክፈርት ላይ ፊፋ ፕሬዚዳንቱን ሲመርጥ፣ ብራዚላዊው ዡዋው አቬላንጅ እንግሊዛዊውን ስታንሊ ራውስን አሸነፈ። ከአቬላንጅ ጀርባ የአፍሪካ ድምፅ ነበር። ደቡብ አሜሪካና አፍሪካ ያን ቀን በአንድ ወገን ቆሙ። ከዚያ በኋላ የሆነው በቁጥር ይነገራል፦ የዓለም ዋንጫ በ1974 ዓ.ም. ከ16 ወደ 24 ቡድን አደገ፣ አፍሪካም ከአንድ ቦታ ወደ ሁለት ከፍ አለች፤ አልጄሪያና ካሜሩን አብረው ወደ ስፔን ሄዱ። በሐምሌ 1968 ዓ.ም. ደግሞ ሞንትሪያል ላይ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን አባረረ። በዚያው ዓመት ከየካቲት እስከ መጋቢት የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተካሂዶ ነበር፤ ሞሮኮ ወሰደችው።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ይድነቃቸው የተሳሳቱበት ነገር የለም ወይ ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ይገባል። ዱቡሻ ላይ የሙት ስም ሲነሳ ምስጋና ብቻ አይነገርም።

አንደኛው ነገር ወንበሩ ነው። በጋሞ ሀላቃ ይመረጣል፣ ይደግሳል፣ ያገለግላል፣ በትሩንም ያስረክባል። ይድነቃቸው በትሩን በሕይወት እያሉ አላስረከቡም፤ 15 ዓመት በካፍ ፕሬዚዳንትነት ቆይተው በሥልጣን ላይ እንዳሉ አረፉ። ሁለተኛው ከባዱ ነው። አፍሪካዊ ተጫዋች ወደ አውሮፓ መሄዱን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። የአፍሪካ ጉልበት ተመልምሎ ተወስዶ አህጉሩ ባዶውን ይቀራል ብለው ይሰጉ ነበር። በካፍ ደንብም አንድ ብሔራዊ ቡድን ከውጭ አገር ክለቦች ሊያሰልፍ የሚችለው ሁለት ተጫዋች ብቻ ነበር፤ ይህ ደንብ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ሠርቷል። በአንድ ማሊያ 23 ዓመት ለቆየ ሰው አቋሙ የሕይወቱ ቅጥያ ነው። ቤተሰብ ለሚደግፍ ተጫዋች ግን ሌላ ትርጉም አለው፦ እሳቸው የተጫወቱት ደመወዝ በሌለበት ዘመን ነው፤ ከእሳቸው በኋላ የመጡት እንጀራቸው ኳስ ነው።

ይህ ክርክር ከአርባ ምንጭ ሩቅ አይደለም። ከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን በትልቁ ሊግ ሲጫወት አይታለች። በፋብሪካ ቡድን ዘመን ተጫዋቹ ብዙ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ነበር፤ ጉልበቱ ሲደክም ታኬታውን አውልቆ ወደ ሥራው ይመለሳል። ዛሬ «አዞዎቹ» የሚባለው የአርባ ምንጭ ከተማ ተጫዋች፣ እንደ ሌሎቹ ክለቦች ተጫዋቾች ሁሉ፣ በውል የሚኖር ባለሙያ ነው። ውሉ የዓመት ወይም የሁለት ዓመት ነው፤ ሲያልቅ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ፌዴሬሽኑ የወር ደመወዝ ጣሪያ 50,000 ብር ይሁን ሲል የተነሳውን ሙግት ታስታውሱታላችሁ። የይድነቃቸው መንገድ የዛኔቲ መንገድ ከሆነ፣ ለዛሬው ወጣት የተሰጠው የአብሬው መንገድ ነው።

ከይድነቃቸው ሕይወት ለእንዲህ ያለ ተጫዋች የሚሆን ነገር ካለ ማሊያ አለመቀየራቸው አይደለም። ቀኖቹን መልሳችሁ ተመልከቷቸው። ፌዴሬሽን ሲመሠርቱ ተጫዋች ነበሩ። ሕጉን ሲተረጉሙ ተጫዋች ነበሩ። ካርቱም ላይ ሲፈርሙም ተጫዋች ነበሩ። ሁለተኛውን ሥራ የጀመሩት የመጀመሪያው ሳያልቅ ነው። ጉልበታቸው ደክሞ «አሁን ምን ልሥራ?» የሚሉበት ጠዋት አልመጣባቸውም። ዛኔቲም ጫማውን ሲሰቅል ወንበሩ ተዘጋጅቶ ነበር። ልዩነቱ ዛኔቲን የጠበቀው ሀብታም ክለብ መሆኑ ነው፤ ይድነቃቸው የተቀመጡበትን ወንበር ግን በከፊል ራሳቸው ጠርበውታል።

ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ፤ ቡሄ ነበር። በእንቁጣጣሽ የጀመረ ሕይወት በቡሄ አለቀ። 65 ዓመት፤ ከዚያ ውስጥ 51 ዓመቱ በኳስ ዙሪያ ያለፈ፣ ታኬታ የለበሱበት ግን 23ቱን ብቻ። በወንበራቸው ላይ በ1980 ዓ.ም. ካሜሩናዊው ኢሳ ሃያቱ ተመረጡ። ብሔራዊ ቡድኑ በበኩሉ ከሊቢያው ውድድር በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ በር ተዘጋበት፤ ለ31 ዓመት።

ሲከፈት የተከፈተው ደቡብ አፍሪካ ላይ ነው። ያቺ በካርቱም የተከለከለችው፣ በሞንትሪያል የተባረረችው አገር አፓርታይድን ጥላ፣ ጥቁሩንም ነጩንም በአንድ ማሊያ አሰልፋ፣ የአፍሪካ ዋንጫ አዘጋጅ ሆናለች። ዋልያዎቹ በሰውነት ቢሻው እየተመሩ፣ በአምበሉ በደጉ ደበበ ፊታውራሪነት፣ ኔልስፕሩይት ሜዳ ገቡ። ከቡድኑ ዝርዝር ውስጥ ሳላዲን ሰይድ፣ ዩሱፍ ሳላህና ፉአድ ኢብራሂም ከውጭ አገር ክለቦች የመጡ ነበሩ፤ በይድነቃቸው ዘመን ደንብ ከሦስቱ አንዱ ቤቱ ይቀር ነበር። ተጋጣሚያቸው ያለፈው ዋንጫ ባለቤት ዛምቢያ ነበረች። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዛምቢያ ቀድማ አገባች። በ10 ሰው የቀሩት ዋልያዎች ግን በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ ባስቆጠራት ግብ 1 ለ 1 ወጡ።

ዕለቱ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር። የይድነቃቸው ልጆች ግብፅን ካሸነፉበት ከጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ሲቆጠር 51 ዓመት፣ ቀኑ ግን ያው ቀን።

አሁን ተራው የጠያቂዎች ነው፤ ከወጣቶቹ ይጀመር፣ አባቶች ይመርቁ።